ለአንድ ሰው ብቻ ፈጣን ስለሆነው ሰርቨራችን

ለዓይን ሆስፒታላችን ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከወንበርዎ ጀርባ ለተሰቀለው የላቀ ቁጠባ የምስክር ወረቀትዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ከደረጃው ሥር ባለችው መስኮት አልባ ክፍል የምሠራው የኮምፒውተር ባለሙያዎ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎት ላመሰግንዎ ነው። ምስጋናው እየጎመዘዘ ከሄደ ግን ይታገሡኝ፤ ከእርስዎ ይልቅ የሚጎመዝዘው እኔን ነው።

አንደኛ፤ የቀዶ ሕክምና ተራ ከእንግዲህ በድረ ገጽ እንዲያዝ ወስነው፣ ድረ ገጹ የሚያርፍበትን ሰርቨር አጥንቼ እንዳቀርብ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ምርጫው ሦስት ነበር፦ የራሳችንን ማሽን ገዝተን እዚሁ ማስቀመጥ፣ ከብዙ ድርጅቶች ጋር አንድ ማሽን በርካሽ ተጋርቶ መከራየት፣ ወይም ወደድ ቢልም አንዱ ማሽን ሲወድቅ ሌላው የሚተካበትን፣ ሰው ሲበዛም የሚችለውን መከራየት። ሠንጠረዤም ፍጥነት፣ ዋጋ እና አስተማማኝነት የሚሉ ሦስት ዓምዶች ነበሩት። ክቡርነትዎ ከአንድ ገጽ ያለፈ ነገር ማንበብ እንደማይወዱ ስለማውቅ፣ ገጹ አልበቃ ሲለኝ ሦስተኛውን ዓምድ ቆርጬ አወጣሁት። እንድቆርጠው ያዘዘኝ ማንም የለም።

ሁለተኛ፤ ሰባቱ የኮሚቴ አባላት በአዳራሹ በተሰበሰቡበት ርካሹን የጋራ ሰርቨር ስሞክር፣ ገጹ ገና ጣቴ ሳይነሳ ብቅ በማለቱ ስላጨበጨቡልኝና እሱኑ ስለመረጡ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ እውነቱን ልናገር። ያንኑ ገጽ በዚያው ኮምፒውተር ጠዋት አምስት ጊዜ ከፍቼው ስለነበር፣ ያያችሁት ኮምፒውተሩ ለራሱ ያስቀረውን ቅጂ ነው፤ ሰርቨሩ ከነጭራሹ አልተጠየቀም። ልቤ እያወቀ ዝም አልኩ። ፊትዎ ፈክቶ ነበር፣ ፊትዎ ሲፈካ ደግሞ የዕድገት ደብዳቤ ይመጣል ይባላል። መጣም።

ሦስተኛ፤ ለሃያ ዓመት የታማሚ ስም በመዝገብ ስትጽፍ የኖረችውን የመስኮቷን ጸሐፊ፣ ድረ ገጹ በተከፈተ ዕለት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት በማዛወርዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እውነት ነው፣ የእሷ መዝገብ ቀርፋፋ ነበር፤ አልሠራም ብሎ ግን አያውቅም። ሁለቱ ለጥቂት ወራት ጎን ለጎን ይሂዱ ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ከዚህ በኋላ ላለው ግን አራተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

በእኛ ሰፈር ጋሼ መርፌ የምንላቸው ልብስ ሰፊ አሉ። አባቴ ከሞተ በኋላ የተማሪ ቤት ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ በተቀደደ ቁጥር፣ እናቴ ሳትሰማ ጥፈው የሚመልሱልኝ እሳቸው ነበሩ። የዓይን ግፊት ተገኝቶባቸው፣ የሆስፒታላችን ሐኪም በሁለት ወር ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላቸው የሚጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ ነገረቻቸው። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ፣ ተራ በወረቀት ወደሚያዝበት ሌላ ከተማ ሊሄዱ ጓዛቸውን ሸክፈው ነበር። እኔ የሠራሁት ነገር እያለ ምን አንከራተታችሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።

የየወሩ ተራ በሚከፈትበት የመጀመሪያ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የታማሚው ዘመድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባና ሰርቨሩ ወደቀ። ከቀትር በኋላ ሲነሳ የወሩ ተራ አልቋል አለን። ለክቡርነትዎ መጠነኛ መንገራገጭ ተከስቶ ተስተካክሏል ብዬ ሪፖርት አደረግኩ፤ እርስዎም መልካም ብለው ፈረሙበት። በሁለተኛው ወር ስልኬን ይዤ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ገጹ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ጋሼ መርፌ ስልኩን ተቀብለው አስጠግተው ካዩ በኋላ፣ ምንም አይታየኝም፣ ዓይኔ ይሆን እንዴ አሉኝ። እኔም ዓይንዎ አይደለም ማለት እንኳ አቃተኝ።

ቢሮዎ መጥቼ በፊርማዎ እንዲያስገቧቸው መለመን እችል ነበር። ያን ካደረግኩ ግን ሰርቨሩ እንደማይችል ላምንልዎት ነው፤ አፈርኩና ቀረሁ። በሦስተኛው ወር ተራ አገኙ፣ ሐኪሟም ዘገያችሁ አለች። ባለፈው ሳምንት የስፌት መኪናቸውን ሊሸጡ፣ ገዢ አፈላልግልኝ ብለው የላኩት እኔኑ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የመስኮቷ ጸሐፊ ነገውኑ ወደ መዝገቧ ትመለስ፣ ሰርቨሩም ወደ ሦስተኛው ምርጫ ይዛወር። የቆረጥኩትን ዓምድና የዕድገት ደብዳቤዬን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ አንዱን ያንብቡት፣ ሌላውን ይቀበሉኝ። ያታለልኩት ኮሚቴ ፊትም በጠሩኝ ሰዓት ቀርቤ እናገራለሁ።

በፍጥነቱ የተጨበጨበለት፣ በርካሽነቱ የተወደደው፣ በአስተማማኝነቱ ግን ማንም ያልጠየቀው፣

ታዛዥ የኮምፒውተር ባለሙያዎ

ድኅረ ጽሑፍ፤ መልስ የሚጽፉልኝ ከሆነ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የማያሳፍር ይሁን፤ ይህንንም ሆነ የእርስዎን መልስ ለጋሼ መርፌ የሚያነቡላቸው እትዬ ናቸውና። ጋሼ እስከ ዛሬ በክፉ ሲያነሱ የኖሩት እርስዎን ብቻ ነው። ስለ አዳራሹ ሙከራ ከእኔ አፍ ሰምተው አያውቁም፤ እትዬ እዚህ መስመር ላይ ሲደርሱ ግን ሰምተዋል።