ጋሼ ማርስ እና ያልተከፈተው በር

ውድ ጋሼ ማርስ፣

በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው “አንተ” ብዬ መጻፍ እንደሚከብደኝ ታውቃለህ። ግን በመጀመሪያዋ የንባብ ቅዳሜያችን “እርስዎ” ስልህ “ጠፈር ላይ አንቱታ የለም!” ብለህ አፌን አስያዝከኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ ነህ፣ ስምህም ጋሼ ማርስ። ካረፍክ ሁለት ወር ሆኖህም፣ አሁንም አንተ ነህ።

ደክሞኛል ጋሼ። ይህን የምልህ ሰበብ ፍለጋ አይደለም። ወይም ነው መሰለኝ። በቀን መቶ አርባ ቤት እዞራለሁ። ጎንበስ ብዬ የውሃ ቆጣሪውን ክዳን እከፍታለሁ፣ ጭቃውን በእጄ እጠርጋለሁ፣ ቁጥሩን እመዘግባለሁ፣ ቀና ብዬ ወደሚቀጥለው በር እሄዳለሁ። አንተ “ከሁላችንም በላይ የምታነብ አንተ ነህ፣ ደሞዝ የሚከፈልህም አንተ ብቻ ነህ” እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ከሰዓት ላይ ጉልበቴ የሌላ ሰው ጉልበት ይመስለኛል። ቤት ገብቼ መጽሐፍ ስገልጥ ፊደሉ እንደ ቆጣሪ ቁጥር ይሽከረከርብኛል። አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አንብቤ ምን እንዳነበብኩ ሳላውቅ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል።

ይህን ለማናችሁም ተናግሬ አላውቅም። ልናገር የሚገባኝ ቦታ ደግሞ እዚያው ነበር፣ የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ጓዳ። ቅዳሜ ከሰዓት እሷ፣ ፋርማሲስቱ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ አንተና እኔ በጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ተደላድለን እንቀመጥና ጥያቄው ተራ በተራ ይዞራል፦ “አሁን ምን ላይ ነህ?” አንዱ ዘንዶ ላይ ነው፣ አንዱ ሁለት ፀሐይ የሚወጣበት አገር ላይ ነው፣ መምህሩ ሁልጊዜ ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልስ ማሽን ላይ ነው። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ በወረፋ እናነባለን። ልብስ ሰፊዋ ከትርፍራፊ ጨርቅ ለየአንዳንዳችን ዕልባት ቆርጣልናለች። ያንተ ከሱፍ ኮት የተረፈች ግራጫ ናት፣ የእኔ ሰማያዊ ገበር። ሕጉን ያወጣኸው ራስህ ነህ፦ ማንም ሰው የሌላው ጨርቅ ካለበት ገጽ አልፎ አያወራም። ያወራ ሁለት ቅዳሜ ዝም ይላል። ልብስ ሰፊዋ ሦስት ጊዜ ተቀጥታ፣ በተቀጣች ቁጥር የስፌት መኪናዋን እያንጓጓች እኛንም መነጋገር ከለከለችን።

“የጨው ኮከብ” አራተኛው ቅጽ የደረሰህ ቀን ልጅ ሆነህ ነበር። ሦስት መቶ ዓመት ስትጓዝ የኖረች የጠፈር መርከብ፣ ተከፍቶ የማያውቅ የውጭ በር፣ በሩን የሚጠብቅ ሽማግሌ መካኒክ። ሠላሳ አንድ ዓመት አሳንሰር ለጠገነ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይጻፍለት?

“ስሙኝ” አልከን፣ መጽሐፉን እንደ ማስረጃ ከፍ አድርገህ። “ያ በር ከተከፈተ ይጮኻል። አንድ ሳምንት የቆመ አሳንሰር እንኳ በሩ እንዴት እንደሚያለቅስ እኔን ጠይቁኝ። ደራሲው ሳያስጮኸው ከፈተው ማለት መፍቻ በእጁ ነክቶ አያውቅም ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ጢሜን እላጫለሁ!”

“ጢምህን ተወውና ቶሎ ጨርሰህ አሳልፍ” አለህ ፋርማሲስቱ። ቀጣዩ እኔ፣ ከእኔ በኋላ እሱ ነበር።

ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ታመምክ። “አልጋ ይዤ ወረፋ አላጓትትም” ብለህ መጽሐፉን ሰጠኸኝ። “ጨርቄን ግን እዚያው ተዋት፤ እመለስባታለሁ።”

አሁን የማፍርበትን ልንገርህ። በአምስት ሳምንት ሰማንያ ሰባተኛው ገጽ ላይ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ “አሁን ምን ላይ ነህ?” ሲሉኝ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆም ብዬ ሰማያዊዋን ጨርቅ ሃምሳ ስልሳ ገጽ ወደፊት እገፋትና እገባለሁ። መጽሐፍ ለማንበብ የሚሰበሰብ ሰው አላነበብኩም ማለት እንዴት እንደሚያሳፍረው ሌላ ሰው አይገባውም። በመጨረሻ የፋርማሲስቱ ዓይን ሲበዛብኝ ጨርቋን መጨረሻው ገጽ ላይ አደረግኳትና “ጨረስኩ” አልኩ።

“እንዴት ነው?” አለች ልብስ ሰፊዋ።

“ጉድ ነው!” አልኩ። ጉድ ነው ማለት ለየትኛውም መጽሐፍ ይሆናል።

ለፋርማሲስቱ ከማሳለፌ በፊት አንተ ጋ ይዤው መጣሁ። ከስተህ ነበር፤ ጢምህ ብቻ ነበር እንደድሮው። “ዓይኔ ፊደል አልይዝ አለኝ” አልከኝ። ከዚያ ሰማያዊዋን ጨርቅ መጨረሻው ላይ አየሃት፣ ፊትህም በራ።

“ጨረስከው እንዴ? በል ንገረኝ። በሩ ተከፈተ? ጮኸ?”

እንዴት ልንገርህ? አላውቀውማ። እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ መጨረሻውን ገልጬ ላነብልህ እችል ነበር። ያን ባደርግ ግን እኔም ገና እያየሁት መሆኔ ከድምፄ ያስታውቅብኛል ብዬ ፈራሁ። እናም ባንተው ሕግ ተከለልኩ።

“ሕግ ሕግ ነው ጋሼ። ጨርቅህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ናት።”

“ልክ ነህ” አልክ። “ያወጣሁት እኔው ነኝ። እንግዲህ እደርስበታለሁ።”

ሥራ አለብኝ ብዬ ተነሳሁ። እሑድ ነበር ጋሼ። እሑድ ቆጣሪ እንደማይነበብ አንተም ታውቃለህ።

ሐሙስ አረፍክ። ቤታችሁ ላጽናና በሄድኩ ቀን ልጅህ አጠገቤ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦ “አባዬ መጨረሻ ላይ ስለ በር ነበር የሚጠይቀኝ። ‘በሩ ተከፈተ?’ ይለኛል። የክፍሉን በር መስሎኝ ተነስቼ ከፈትኩለት። ‘ጮኸ?’ አለኝ። ‘ኧረ አልጮኸም አባዬ፣ አዲስ በር እኮ ነው’ አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በምን እንዳስከፋሁት እስካሁን አልገባኝም።”

መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ለፋርማሲስቱ “ለጋሼ ስል አንዴ ልድገመው” ብዬ፣ ሰማያዊዋን ጨርቅ መልሼ ከሰማንያ ሰባት ጀመርኩ። በቀን አሥር ገጽ፣ ሲበዛ አሥራ ሁለት። አውቶቡስ ላይ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የሰው አጥር ተደግፌ። አንዷ ሴትዮ በመስኮት አይታኝ “የኛ ቆጣሪ ይሄን ያህል የሚነበብ ነገር አለው እንዴ?” አለችኝ። ድካሙ አልቀነሰም፤ አንዳንድ ቀን ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ስደርስ ግራጫዋን ጨርቅ አገኘኋት። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ጨርቆች አብሬ ነው ያራመድኳቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ሁሉንም ነገር ለሦስቱ ተናገርኩ። ፋርማሲስቱ “እኔ በወረፋ ስጠብቅ!” ብሎ ሊነሳብኝ ሲል፣ የሒሳብ መምህሩ ጫማውን እያየ “እኔም ሦስተኛውን ቅጽ … መሀሉን ዘልዬዋለሁ” አለ። ፋርማሲስቱም የራሱን ጫማ ማየት ጀመረ።

“ሁላችሁም ዝም በሉ” አለች ልብስ ሰፊዋ። “አንተ መጀመሪያ ጨርሰው። ከዚያ ለጋሼ ንገረው።”

“እንዴት አድርጌ?”

“እኔ ምን አውቄ? ጻፍለት።”

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ጨረስኩት፣ በእውነት። ነገ ከሥራ መልስ ልጅህ ጋ እሄዳለሁ፤ ስለየትኛው በር ትጠይቃት እንደነበር እነግራታለሁ፣ የዋሸሁትንም ጭምር። ይቅርታ አድርግልኝ ማለት አፌ ላይ አለ፤ ከአንተ መልስ ስለማላገኝበት ግን ይከብደኛል። ቢሆንም ይቅርታ አድርግልኝ።

ሕጉን አልጣስኩም። ብዕር ከማንሳቴ በፊት ግራጫዋን ጨርቅ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከሰማያዊዋ ጎን አስቀምጫታለሁ። ደርሰህበታል፤ ስለዚህ ማውራት ይቻላል።

በሩ ተከፈተ ጋሼ። ገጽ አምስት መቶ ስልሳ ሰባት ላይ፣ ሽማግሌው በትከሻው ገፍቶ ከፈተው። ጮኸ ደግሞ! አንድ ሙሉ ገጽ ጮኸ፤ መርከቧ ውስጥ የተኛው ሰው ሁሉ እስኪነቃ ድረስ ጮኸ።

ጢምህን አትላጭም።

ቆጣሪ አንባቢህ