አንገትህን ያመመህ ከሸምሱ በፊት ነው

የእህቴ ልጅ፣ የእኔ ቢኒ፣

መጀመሪያ ክስ አለኝ። እናትህ የሻይ ኩባያህን ለእኔ አወረሰችኝ፤ ጆሮው ጠባብ ነው፣ ጣቴን አላስገባ አለ። ሰው አጎት እንዳለው እያወቀ እንዲህ ያለ ኩባያ ይገዛል?

ከተለየኸን ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ ሙት ዓመትህ እየደረሰ ነው። አሁንም እዚያው ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ውሃ ከጠፋ ሰነበተ። ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ አንተን ይረግማል፤ ያንተ ሥራ ነበራ።

ያደከመኝ ግን ጀሪካኑ አይደለም፣ እናትህ ናት። ጸጉርህን ይቆርጥልህ የነበረው ጓደኛህ ሸምሱ ለሙት ዓመትህ በራችንን እንዳይረግጥ ብላለች። አንገትህን ጠምዘዝ አድርጎ ቋ ያደረገልህ ቀን ልጄን ገደለው ትላለች። እኔም ያንኑ እደግማለሁ፦ ከዚያ በፊት አንገቱን አሞት ነበር፣ ከኮዬ ፈጬ ሲመለስ አውቶቡሱ ድንገት ፍሬን ይዞ አንገቴን ያዘኝ ብሎኛል፣ ሸምሱ ጋ የሄደውም እሸኝ ሊለው ነው። እሷ መልሳ፣ አንተ ደግሞ ቀልድህን አታቆምም ትለኛለች። ዕድሜ ልኬን ስቀልድ ኖሬ፣ እውነት ስናገር የሚያምነኝ አጣሁ።

የግራ ዓይንህ ቆብ ሲወርድ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችህ። አንተ ደግሞ ሻዩ ብረት ብረት አለኝ አልክ። ሆስፒታል ሐኪሟ ምላስህን አውጣ ስትልህ ወደ ግራ ዞረ። ቆንጆ ሲያይ የሚዞረው አንገቱ ነበር፣ ዛሬ ምላሱ ተረከበው አልኳት። በዚያ በሻከረ ድምፅህ ሳቅህ፤ እሷም ሳቀች። ኋላ ነው የነገረችን፤ የአንገትህ ደም ሥር ከውስጥ ተሰንጥቆ፣ ደም የሥሩ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ አብጦ፣ ወደ ዓይንና ወደ ምላስ የሚሄዱትን ነርቮች ተጭኗቸዋል። ፍሬኑ ይሁን የሰው እጅ፣ ወይስ እንዲያው በራሱ፣ ማንም መለየት አይችልም አለች። በማግስቱ የረጋው ደም ወደ አንጎልህ ወጣ።

ይኸውልህ ቢኒዬ፣ አልቅሼ ላስታውስህ ሞክሬ አልሆነልኝም። እስካለሁ ድረስ እየተረብኩህ ነው የማስታውስህ፤ ቻለው።

ይህን ስጽፍልህ በሩ ተንኳኳ። እናትህ ቀድማኝ ከፈተች። ሸምሱ ነው፣ ማንም ሳይጠራው። በሩን አልዘጋችበትም፣ ግባም አላለችውም። እሱም አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

ቆይ፣ የሆነ ነገር አለችው።

አታውልቅ፣ ወለሉ ይበርዳል፣ ግባ እያለችው ነው።