የአያትሽ ወፍራም ስልክ

ቻይና፣ ሁናን፣ ከመንደራችን
የአይጥ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ 2008 እ.ኤ.አ.

ለምወድሽ ልጄ ለሩይሊን፣

እንዴት ነሽልኝ? የናይጄሪያዋ ካኖ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ በበረዶ ተከበናል፤ መብራት ከጠፋም ሰነበተ። እናትሽ ምድጃውን ታቅፋ «ሰው ለአዲስ ዓመት በዓል ከቤቱ ይቀራል?» እያለች ታማሻለች። ደህና ናት ማለት ነው።

«አባባ፣ ያንን ትልቅ የስልክ ኩባንያ ይተዉና እኔ ወደምመራው ትንሽ ስልክ ፋብሪካ ይምጡ፤ የጥራት ክፍሉን ይምሩልን» ብለሽኝ ነበር። መልሱ መጨረሻ ላይ ነው፤ ዘለሽ እንዳታነቢ።

በዋዜማው ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ ስንበላ፣ አለቃዬ ሎንግ ጋ መደወል ነበረብኝ። ስልኬን ባወጣ ሞቷል። የእናትሽም፣ የአጎትሽም፣ ሁሉም እኛ ፋብሪካ የተሠሩት ቀጫጭኖች ሞተዋል። ያኔ አያትሽ ከካፖርታቸው ውስጥ አንቺ ሠርተሽ የላክሽላቸውን፣ ባትሪው ቶሎ የማያልቀውን ወፍራም ስልክ አወጡ፤ እኛ ፋብሪካ «ጡቧ» እያልን የምንስቅባትን።

«ባትሪውን ከበረዶው በፊት የሞላሁት ነው። ትፈልጋለህ ወይስ ታፍራለህ?»

«ይስጡኝ፣ እማዬ።»

ሎንግ «የማን ቁጥር ነው ይሄ?» ሲል፣ አጎትሽ ከኋላዬ «ልጁ የሠራችው ስልክ ነው!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሎንግም «ለእኔም አንድ ፈልግልኝ፤ የኔ ሊዘጋ ነ...» ብሎ ሳይጨርስ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ መንደርተኛው በበረዶው መንገድ ላይ የቀሩ ልጆቹን ለማናገር እኛ ደጅ ይሰለፋል። ስልኩ ሁለት ሲም ስለሚይዝ፣ በሁለተኛው ቀዳዳ የራሱን ሲም አስገብቶ ያወራል፣ ያለቅሳል፣ ይስቃል። አያትሽ እንደ ሹም ተቀምጠው «አሳጥር፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ይላሉ።

ይህን አይቼ ልቤ ቅቤ ጠጣ። እኛ ገንዘብ ያላቸውን ደንበኞች እየጠየቅን፣ «ቀጭን» ሲሉን ስናቀጥን ኖርን። መብራት የሚጠፋበትን ሰው የጠየቀው አልነበረም፤ አንቺ ካኖ ድረስ ሄደሽ ጠየቅሽ። የናቁት ያደርጋል ራቁት ይባል የለ? እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ የበለጠችኝ ልጄ ናት።

መልሴ እሺ ነው። መንገዱ ሲከፈት መልቀቂያዬን አስገባለሁ። እናትሽ «ሥራው አይደለም፣ ልጅህ ናፍቃህ ነው» ትለኛለች።

የረገጥሽው ሁሉ ይለምልም፤ ክፉ አይንካሽ፤ ከኔ እንደበለጥሽ ከአንቺም የሚበልጥ ልጅ ይስጥሽ።

አያትሽ ስልኬን መልስ እያሉኝ ነው። ትንሽ ይታገሱኝ ብያቸዋለሁ፤ ይህን የምጽፍልሽ በእሱ መብራት ነው።

ከእንግዲህ የምታዥው አባትሽ፣
ታን ጂንግሚን