አሥር ቁጥር መስታወት

ሰኞ፣ ጥር 12

ዝናብ፣ ከዚያ ፀሐይ፣ ከዚያ እንደገና ዝናብ። የጀልባ መሰላል ስንበይድ ዋልን። የባሕሩ ጨው የዚህችን ደሴት ብረት ሁሉ ይበላል፣ እኛ ደግሞ በዝገቱ እንኖራለን። የሥራ ጓደኛዬ ቀልዴ እንደ ልማዱ እሳቱን ከመጫሩ በፊት «ዓይንህን!» አለ። ፊቴን አዞርኩ። እሱ ሲበይድ እሱ ይላል፣ እኔ ስበይድ እኔ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ረስቶ አያውቅም።

የልጄ አስተማሪ መጣች። የፊታችን ማክሰኞ ሳይሆን በቀጣዩ ማክሰኞ፣ ጨረቃ ፀሐይን ትጋርዳለች አለች። ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ዳር ዳሩ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ለክፍሏ አርባ ሁለት ልጆች መመልከቻ ብንሠራላት...

«የምንበይድበት የጭምብል መስታወት አሥር ቁጥር ነው፣ ለፀሐይ አይሆንም፣ ዓይን ያጠፋል» አልኳት። «ይበልጥ የጠቆረውን፣ አሥራ አራት ቁጥር አስመጣለሁ።» ትንሽ ጉራም ነበረበት። ቃል ገባሁ። የኔ ልጅና የቀልዴ ልጅ እዚያ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።

ሐሙስ፣ ጥር 15

አሥራ አራቶቹ በጭነት ጀልባ ደረሱ። ሳጥኑን ራሴ ከፍቼ አየሁ። ቁጥሩ እያንዳንዱ ጥግ ላይ ተቀርጿል። ወደብ ሥራ ስለነበረብኝ ካርቶን ማልበሱን ለቀልዴ ተውኩለት። «አንተ ሂድ፣ እኔ አለሁ አይደል?» አለኝ።

ዓርብ፣ ጥር 16

መመልከቻው ለልጆቹ ታደለ። የኔዋ አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለችው ተኛች። ሆቴሎቹ ቀለበቱን ሊያይ በመጣ እንግዳ ሞልተዋል።

እሑድ፣ ጥር 18

መጻፍ አልፈለግኩም። ግን ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ ሁለቱ ልጆች ሳሎን ውስጥ አምፖሉን በመመልከቻቸው ሲያዩ ነበር። «አባዬ፣ በኔ አምፖሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ በሷ ግን ጨለማ ነው! የኔ ይበልጣል!»

ሳቅኩ። ከዚያ ገባኝ፦ በአሥራ አራት ቁጥር አምፖል ቁልጭ ብሎ አይታይም።

የልጄን ካርቶን ቀደድኩ። ጥጉ ላይ... አሥር። የቀልዴን ልጅ ካርቶንም ቀደድኩ። አሥራ አራት።

«ፀሐይ አይተሽበታል?»

«ኧረ አላየሁም! አስተማሪያችን እስከ ማክሰኞ ወደ ላይ እንዳታዩ ብላለች እኮ።»

ቀልዴ ቤት ሄድኩ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል። ዓይኑን በጨው ታጥቦ «የሆቴሉ ሰው ለእንግዶቹ አጥቶ ለመነኝ፣ አሥራ አራቶቹን ሸጥኩለትና በምትካቸው የኛን አሥር አለበስኩ» አይለኝ መሰለህ? «አሥር ምን አለው? እኛ ዕድሜ ልካችንን በሱ አይደል የምናየው?»

«ታዲያ ለልጅህ ለምን አሥራ አራት ሰጠሃት?»

ለሁሉም ነገር ቀልድ የማያጣው ሰው ጎንበስ ብሎ ጫማውን መጥረግ ቀጠለ።

«ለኔዋስ አንድ መደበቅ አቃተህ?»

ይህን ከጠየቅኩት በኋላ ራሴንም ጠላሁት። ቢደብቅላት ኖሮስ? ለቀሩት አርባ ልጆች ዝም ልል ነበር? አላውቅም... ግን እያወቀ ነው የከዳኝ። ባያውቅ ይቅር እለው ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 19

ክፍል ፊት ቆሜ መመልከቻዎቹን አንድ በአንድ ሰበሰብኩ። አንዱ አልሰጥም ብሎ አለቀሰ። ማንም ገና ወደ ፀሐይ አላየበትም፣ ተመስገን።

«እኔ እኮ እርስዎን አምኜ ነው» አለች አስተማሪዋ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። የማን ሥራ እንደሆነ አልነገርኳትም። ልጁ እዚያው ፊቴ ተቀምጣለች፣ እንዴት ብዬ?

ኋላ አስተማሪዋ ረገብ ብላ፣ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ካለፈ የፀሐይን መልክ መሬት ላይ እንደሚጥል ነገረችኝ። ቆርቆሮ አለኝ። መሰርሰሪያም አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

አርባ ሁለት ቀዳዳ። ሁለቴ ቆጠርኩ።

ቆርቆሮውን ከፍ አድርጌ በሁለት ቋሚ ብረት አሰርኩ፣ አስተማሪዋ ከሥሩ ነጭ አንሶላ አነጠፈች። አራት ሰዓት አልፎ ብርሃኑ ደበዘዘ፣ ሙቀቱም ቀዝቀዝ አለ። አንሶላው ላይ ያሉት ክቦች በአንድ ጎናቸው ተገመጡ፣ ቀጠኑ፣ ከዚያ... ገጠሙ። አርባ ሁለት ቀለበት፣ እያንዳንዱ የካፖርት ቁልፍ የሚያክል።

«ይቺ የኔ ናት!» «አይደለም፣ የኔ ናት!» ሲጮኹ ደስ አለኝ።

የቀልዴ ልጅ ከኋላ ቆማ ነበር። መስታወቷን ከኪሷ አላወጣችውም። «የኔም አለ?» አለችኝ። ከልጄ ቀጥሎ ያለውን አሳየኋት። ሁለቱም ተንበርክከው አዩ።

አባቷ አጥሩ ጋ ቆሟል። እጁን አነሳልኝ። እኔ አላነሳሁም።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ቀልዴ ዕቃውን ትናንት ከሥራ ቤታችን ወሰደ። አልተነጋገርንም። ጭምብሉ የሚሰቀልበት ሚስማር ብቻ ቀረ።

ዛሬ ረጅም ቧንቧ ነበረኝ፣ አንድ ሰው ጫፉን ሊይዘው የሚገባ። በሽቦ አስሬ፣ በድንጋይ ደግፌ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የብየዳውን ዘንግ አስጠጋሁና ሳላስበው ጮህኩ፦

«ዓይንህን!»

ፊቱን የሚያዞር ሰው አልነበረም። ትንሽ ቆሜ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ጭምብሌን አወረድኩ።