በሄድክበት ቀን የጠረግኩት ቤት

ደምስዬ፣

«ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ብዬ ልጀምር ነበር። የመኪናህን ጭነት ስትጠብቅ አሰብ በሰነበትክ ቁጥር እንደዚያ ብዬ ስጽፍልህ ስለኖርኩ እጄ ሌላ አያውቅም። ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ልበል እንጂ፣ ይህን ወረቀት ይዤ ከተቀመጥኩ ወዲህ ሁለቴ ተነስቼ ያለ ምክንያት በር ከፍቼ መንገዱን አይቻለሁ።

ቤታችን እንዳለ ነው። ወደ አዲሱ ገበያ የሚወጣው የኛ መንገድ ዛሬም አስፋልት አላየም፤ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው በበሩ ስር ሰተት ብሎ ይገባል። ቡፌው፣ ራዲዮኑ፣ የሠርጋችን ፎቶግራፍ፣ ሁሉም አቧራ ለብሷል። አታፌዝብኝ። በቀን ሦስቴ የምጠርገው፣ ከመንገድ ስትመጣ ጃኬትህን ደጅ ካላራገፍክ የማላስገባህ እኔ ነበርኩ። «ያገባሁት አንቺን ነው መጥረጊያሽን?» ትለኝ ነበር። አቧራ የቤት ልጅ ነው፣ ብታባርሪው የት ይሄዳል እያልክ ከነጫማህ ትገባብኝ ነበር። ጎረቤቶቼ አሁን ሲያዩኝ፣ ሐዘን አብርዷት አቧራውን ቻለችው ይላሉ። እኔም ዝም እላለሁ። እውነቱን ግን ለአንተ ልንገርህ፤ ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

እናቴ፣ መንገደኛ የወጣበት ቤት በዕለቱ አይጠረግም ብላ ነው ያሳደገችኝ፤ መንገደኛውን መጥረግ ነው ትል ነበር። ስለዚህ ጭነት ይዘህ በወጣህ ቀን እጄን አጣጥፌ እንደምውል ታውቃለህ። በመጨረሻው ቀን ግን ቀበሌው የጽዳት ዘመቻ ብሎ ነበር። አንተን መንገድ ድረስ ሸኝቼ ስመለስ፣ ኮሚቴዎቹ ከታች ጀምረው ቤት ለቤት እያዩ ነው ተባለ። ስሜ በስብሰባ ላይ እንዳይነሳ ፈራሁ። እውነት ለመናገር፣ ቤቷ ንጹሕ ነው እንዲሉልኝም ፈልጌ ነበር። ከአልጋው ስር እስከ ደጃፉ ድረስ ጠረግኩት። ኮሚቴዎቹ አመስግነውኝ ሄዱ። በአራተኛው ቀን፣ መኪናህ ከኮምቦልቻ ማዶ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ኖሮ፣ ሰዎች መርዶህን ይዘው መጡ።

ሰው ሁሉ ፍሬኑ ነው፣ ዝናቡ ነው ሲል እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር በሆዴ የያዝኩት፤ የጠረግኩህ እኔ ነኝ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር ታምኛለሽ ወይ እንዳይሉኝ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ልጃችን ትዕግሥት ዊንጌት ትምህርት ቤት በሄደች ቁጥር ተመልሳ እስክትገባ መጥረጊያ አልነካም። ሱቅ ብልካት እንኳ አልነካም። አቧራውን እያየሁ ቁጭ ብድግ ስል እውላለሁ። ቻለችው የሚሉት ይህን ነው።

ትዕግሥትህ አስራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ መምህርነት እንድትሠለጥን ጅማ ተመደበች። ዓመት ሙሉ እዚያው ልትቀመጥ ነው። ትናንት ሻንጣዋን ስታስር፣ መጥረጊያውን ከበሩ ጀርባ አንስቼ ለጎረቤት ልሰጥ ስወጣ ያዘችኝ። ምነው፣ እኔ ስሄድ ቤቱ ሊዘጋ ነው ወይ ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት።

«እማዬ፣ አባዬን ልትሸኚ ስትወጪ እኮ እኔ ጓዳውን እጠርግ ነበር» አለችኝ። «ሁልጊዜ። ያንቺ ልጅ አይደለሁ? ሁልጊዜም ይመለስ ነበር።»

እውነቷን ይሁን እኔን ለማሳረፍ የፈጠረችው አላወቅኩም። ዓይኗን ብመረምረውም ያንተ ዓይን ነው፤ ቀልዱና ቁም ነገሩ አይለይም።

ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝቻት ተመለስኩ። በሩ ላይ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ መጥረጊያውን አንስቼ፣ ልጄ በወጣችበት ቀን ቤቱን ጠረግኩት። ጨርሼ ሳልቀመጥ አንድ የጭነት መኪና አለፈና መልሶ አቧራውን ሞላው። ይሁን ብዬ ተውኩት። ልቤ ግን አላረፈም። ደርሻለሁ የሚል ደብዳቤዋ እስኪመጣ ድረስ ይህን በር ስንቴ እንደምከፍት እኔው አውቃለሁ።

ደምስዬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ያስታወስኩህ በዚያች በአንዲት ጠዋት ብቻ ነው፤ ጀርባህን ሰጥተህ ስትሄድ። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ስንት ዓመት፣ ስንት ጊዜ፣ ክረምት ከበጋ፣ ከስንት ቁልቁለት ተርፈህ መጥተህልኛል። አንዱንም አላሰብኩልህም ነበር። ከእንግዲህ እስክሞት ድረስ የማስታውስህ ስትመጣ ነው።

ባለቤትህ አበበች