ያልተንጠፈጠፈው ብርጭቆ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን የምዘናና የምደባ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከዚያ ከማይከፈተው በርዎ ጀርባ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወንበርዎ እንደተመቸዎት፣ የማኅተምዎ ቀለም እንዳልደረቀ፣ ጸሐፊዎም እንደ ወትሮዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ለማለት ብርታት እንዳላጣች ተስፋ አደርጋለሁ። ደጅዎን ስጠና ሁለት ዓመት የሞላኝ እኔ የውሃ ቆጣሪ ጠጋኙ እግሬ ከመቅጠኑ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩትና በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም። በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው አራት ደብዳቤዎች የገቡበት ስለጠፋ ለአምስተኛው አዝኜለት ነው።

ጉዳዬ አጭር ነው። ልጄ ሰባት ዓመት በሞላት ሰሞን በክፍልዎ ተመዝና «አእምሮዋ ለዕድሜዋ የሚጠበቀውን ያህል አልዳበረም» ተብላ ዝግጅት ክፍል ገባች፤ እስከ ዛሬም እዚያው ናት። ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ ዘጠኝ ዓመት ይሞላታል። በመመሪያዎ መሠረት ደግሞ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ከዝግጅት ክፍል ወደ መደበኛ ክፍል አይዛወርም። ቀን እየቆጠረ የሚጽፍ ሰው ነኝና አንዳንድ ቦታ ትሕትናዬ ቢሳሳ ይቅር ይበሉኝ።

አቤቱታዎቼን ለመዝገብ ቤትዎ እንዲመቹ በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

1. ስለ ፈተናው። ገምጋሚዋ ባለሙያ በሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆዎች እኩል ቀይ ውሃ ቀድተው አሳዩዋት፤ ልጄም ጎንበስ ብላ አይታ እኩል ናቸው አለች። ቀጥሎ የአንደኛውን ውሃ ወደ ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ገለበጡና አሁንስ እኩል ናቸው ወይ ብለው ጠየቋት። አይደሉም፣ በረጅሙ ያለው ያንሳል ብላ መለሰች። ባለሙያዋም «አይደለም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርገው በሩን አሳዩን። ነገሩ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እኔ የአንድ ቆጣሪ ክዳን ለመፍታት እንኳ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድብኝ በፍጥነታችሁ መቅናቴን አልደብቅም።

ለወላጆች ያደላችሁትን በራሪ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የልጅ አእምሮ ደረጃ በደረጃ እንደሚያድግ፣ ትንሽ ልጅ ዓይኑ ያየውን ስለሚያምን ረጅሙን ብርጭቆ ሲያይ ውሃው በዛ እንደሚል፣ ከፍ ሲል ግን ዕቃው ቢለወጥም መጠኑ እንዳለ መሆኑን በሐሳቡ መያዝ እንደሚችል ይናገራል። ሁሉንም አምኜበታለሁ። ግን ዓይኑን የሚያምን ልጅ ረጅሙ በዛ ይላል እንጂ አነሰ አይልም። ልጄን በየትኛው ደረጃ ላይ እንደምፈልጋት ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

2. ስላልተጠየቀው ጥያቄ። ቤታችን በረንዳ ላይ የጠገንኩትን ቆጣሪ የምፈትሽበት ጠረጴዛ አለ። በቆጣሪው ያለፈውን ውሃ በባልዲ እቀበልና ወደ መስፈሪያ እገለብጠዋለሁ፤ ከገለበጥኩም በኋላ ባልዲውን እንዳዘነበልኩ እስኪንጠፈጠፍ ድረስ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ። ሳይንጠፈጠፍ ከተለካ በባልዲው ውስጥ የቀረው ውሃ ደህናውን ቆጣሪ ጥፋተኛ ያስብለዋል። ልጄ መቁጠር የተማረችው በዚህ ነው። አራት ዓመቷ ላይ ሃያ ሁለት ስትደርስ ይጠፋባትና ተመልሳ ከአሥራ አምስት ትጀምር ነበር፤ በዚህ ሰበብ በዚያ ዓመት የፈተሽኳቸው ቆጣሪዎች ከሁሉም የበለጠ የተንጠፈጠፉ ናቸው።

ባለሙያዋ ግን ውሃውን ገልብጠው የተቀዳበትን ብርጭቆ ሳያንጠፈጥፉ ወዲያው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ልጄ ያየችው ይህንን ነው። ስንወጣ ደረጃው ላይ እጄን ይዛ፣ «አባዬ፣ ሴትየዋ ቸኩለው ነው መሰለኝ፣ አልቆጠሩም» አለችኝ። ለምን አነሰ ቢሏት ለእሳቸውም ይህንኑ ትነግራቸው ነበር። ቅጹ ላይ ግን ለምን የሚል መስመር የለም፤ ያሉት ሁለት ሳጥኖች ናቸው። ልጅ እንዴት እንደሚያስብ ለማወቅ በተዘጋጀ ፈተና ላይ እንዴት አሰብሽ ብሎ መጠየቅ የተረሳው ምን ያህል ሥራ ቢበዛባችሁ ነው እያልኩ ሳዝንላችሁ ከርሜአለሁ።

3. ስለ ክፍሉ። ዝግጅት ክፍል ከመጋዘኑ ቀጥሎ ያለው ነው። የልጆቹ ሐሳብ እንዳይበተን ብላችሁ የመስኮቱን ግማሽ ነጭ ቀለም ስላስቀባችሁት ልጄ ከግቢው የሚታያት የኳስ ሜዳው ምሰሶ ጫፍ ብቻ ነው። ወንበሩ ለአምስት ዓመት ልጅ የተሠራ በመሆኑ ጉልበቷ አገጯ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ጠዋት ጠዋት ዶቃ በየቀለሙ ይለያሉ፤ ከሰዓት በኋላ የቀናትን ስም በዜማ ይላሉ። ሰኞ ከማክሰኞ በፊት መሆኑን ልጄ አሁን በሚገባ ስለምታውቅ አመሰግናለሁ። አንድ ቀን ጥግ ያለው የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ አይታ የዶቃውን ክር ቧንቧው በሚጋጠምበት ጥርስ ላይ ጠምጥማ ማንጠባጠቡን አቆመችው። በማኅደሯ የተጻፈው «ትእዛዝ አትከተልም» የሚል ነው።

4. ስለ መውጫው። ድጋሚ ለመመዘን የአንደኛ ክፍልን መጽሐፍ ማጠናቀቋን የሚገልጽ ማስረጃ ያስፈልጋል። መጽሐፉ ለዝግጅት ክፍል ልጆች አይሰጥም። ገዝቼ እቤት አስጨረስኳት። ማስረጃውን የሚፈርመው የአንደኛ ክፍል መምህር ነው፤ እሱም ክፍሉ ገብታ ላልተማረች ልጅ አልፈርምም አለ፣ እውነቱን ነው። ክፍሉ ለመግባት ደግሞ ድጋሚ ምዘናውን ማለፍ አለባት። ሃያ ዓመት በቧንቧ ሥራ ስኖር የተጣመመም የተደፈነም አይቻለሁ፤ ዞሮ ዞሮ ራሱ ውስጥ የሚገባ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። የሠራውን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።

5. ስለ እኔ። አምስተኛው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው፤ ለእርስዎ የማቀርበው ሌላ ሰሚ ስላጣሁ ነው። የዝግጅት ክፍሉ መምህርት አዛኝ ሴት ናቸው። ምናልባት ድጋሚ ምዘናው ቢፈቀድ፣ ልጅቷ እኩል ነው ትበልና ተገላገሉ ብለው በጎን መከሩኝ። ባለፈው ወር ልጄን ጠረጴዛዬ አጠገብ አስቀምጬ፣ ውሃ ገልብጠው ሲጠይቁሽ እኩል ነው በይ አልኳት።

«የቀረውስ አባዬ?» አለችኝ።

ስለ ቀረው አይጠይቁሽም አልኳት። ማንጠፍጠፍ ያስተማርኳት እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ይህን አልኳት። እሷም ቶሎ ገባት። ከዚያ ወዲህ እናቷ ዳቦ ቆርሳ ስትሰጣቸው ታናሽ ወንድሟ የእኔ አነሰ ብሎ ሲያለቅስ፣ የሱ የጣት፣ የሷ የመዳፍ ያህል ሆኖ እያየችው፣ እኩል ነው ትለዋለች። አጭበርባሪ ሆና አይደለም፤ ልጄን አውቃታለሁ። ጥያቄ ሲመጣ ዕቃውን ማየት ትታ የጠያቂውን ፊት ማየት ጀምራለች። አፍሬአለሁ። ሃያ ሦስቱ ቀን ሳያልቅ ብትወጣ እንኳ ያቺው ልጄ መውጣቷን እንጃ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ማስረጃውን ትተው፣ ቀኑ ሳያልቅ ያንኑ ፈተና ይስጧት፤ በዚያው ቀይ ውሃ ቢሆንም ግድ የለኝም። መልሷን ከሰጠች በኋላ ግን ለምን ብለው ይጠይቋት። መጀመሪያ ፊትዎን አይታ ዝም ትላለች፤ ያኔ አይቸኩሉባት፣ እስከ ሠላሳ ይቁጠሩላት።

ልጄን በሁለት ደቂቃ ዐውቀው ሁለት ዓመት ላቆዩልኝ ለክቡርነትዎ፣ ለበርዎና ለሁለቱ ሳጥኖችዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከደጅዎ ሳልርቅ እጅ እነሳለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
የዝግጅት ክፍሏ ልጅ አባት፣ የውሃ ቆጣሪ ጠጋኝ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል የሥራ ጥሪ ደርሶኛል። ከመንገድ የሚገባው ውሃ ላይኛው ታንከር እስኪደርስ እየጎደለ ስላስቸገራችሁ የት እንደሚቀር መጥቼ እንዳይ ነው። ወረቀቱን ለልጄ አነበብኩላት፤ ድሮ ቢሆን የት የት ሊያንጠባጥብ እንደሚችል በጣቷ እየቆጠረች ትነግረኝ ነበር። ፊቴን አየችና «እኩል ነው» አለችኝ። በትምህርት ቤታችሁ ትምህርት መሠረት የጎደለ ውሃ ስለሌለ፣ መምጣት አላስፈለገኝም።