ኩሽኔታው ታሟል ያለችው እህቴ

ሐሙስ

እህቴ ዛሬ ሟርተኛ ተብላ መጣች። ትግስትን ነው የምለው፤ ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል የምታስተምረውን፣ ሰው ፊት ሻይ ስትጠጣ እንኳ ድምፅ እንዳይሰማባት የምትጨነቀውን። ያሏት ደግሞ ሌላ ሰው አይደሉም፤ የወደፊት አማቷ ወይዘሮ አስቴር ናቸው። እሁድ ሽማግሌ ሊልኩ ቀን ቆርጠው፣ ሐሙስ ሟርተኛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው አቶ ገመዴ ከጨለለቅቱ ወረድ ብሎ የቡና ማጠቢያ አላቸው። ልጃቸው ናትናኤል፣ የእኛው እጮኛ፣ መሣሪያሽን ይዘሽ ነይና አባቴ ሥራሽን ይይልኝ ብሎ ወሰዳት። ሊኮራባት ነበር፤ በዚህ አልወቅሰውም። መሣሪያዋ አውራ ጣት ብታክል ነው፤ ከሥሯ ማግኔት አላት፣ ሽቦዋ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል። እሸት ቡናውን የሚፈለፍለው ማሽን ላይ፣ ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ጎን ለጠፈቻት። የማሽኑ መንቀጥቀጥ ስክሪን ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ሠራተኛው ከቧት ያይ ነበር አለች። አየች፣ ደግማ ለካች፣ ተናገረች። የኩሽኔታው የውጭ ቀለበት ውስጡ ተቦርቡሯል፤ ማሽኑ ይቁምና ይቀየር።

አቶ ገመዴ ሳቁ። ድምፁ ያው፣ ሙቀቱ ያው፣ ምኑን አየሽበት አሏት። ወይዘሮ አስቴር ግን አልሳቁም። ወቅቱ ሲከፈት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ማሽኑ ላይ እጅ ጭነው ይጸልያሉ፤ በየዓመቱ ነው፣ ዘንድሮም ተደርጓል። እና በተጸለየበት ነገር ላይ፣ ሰው ፊት፣ «ይሰበራል» ተባለ።

«የኔ ልጅ፣ እኛ ቤት በአፍ ሕይወት ነው የሚነገረው። ሟርት አናስገባም።»

በጋዜጣ ዓምዴ ስለ አማትና ምራት ጽፌ ጽፌ ብዕሬ ደንዝዟል። በሽንኩርት አከታተፍ የተጣሉ አውቃለሁ፣ በመጋረጃ ቀለም የተኳረፉ አውቃለሁ። በኩሽኔታ ሲሆን የመጀመሪያዬ ነው።

ዓርብ

ቁርስ ላይ እንዴት አወቅሽ አልኳት። ጆሮ ያልሰማውን፣ እጅ ያልዳሰሰውን።

የገበያ ቀን ዲላ ገበያ መሃል ቁሚ አለችኝ። ሁሉም ይጮኻል። አንድ ሰው ግን በዚያ ሁሉ መሃል በእኩል እኩል ጊዜ አንድ ቃል እየደጋገመ ይጣራል። ጫጫታውን ከላዩ ላይ ብትገፊለት እሱ ብቻ ይቀርሻል። ኩሽኔታው ውስጥ ያሉት ኳሶች የተቦረቦረችውን ቦታ ባለፉ ቁጥር ጠቅ ያደርጓታል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። የእሷ ሥራ የማሽኑን ጩኸት ገፍቶ ያቺን ጠቅታ ማግኘት ነው። የጠቅታው ድግግሞሽ ደግሞ የታመመው የውጩ ቀለበት ይሁን የውስጡ ይናገራል።

ገባኝ። ለኔ ከገባኝ ለማንም ይገባል። ችግሩ ያለመግባት አይደለም ማለት ነው።

ከሰዓት ናትናኤል ደወለ፣ ድምፁ ፈክቷል። ሜካኒካቸው ኤልያስ ኩሽኔታውን ግራሶ አጉርሶ አጉርሶ በጎን እስኪፈስ ሞልቶታል፤ ማሽኑ አሁን እንደ ድመት ነው፣ ነይና ለኪው አለ። ሄደች። እውነትም መስመሮቹ አጥረው አገኘቻቸው። አቶ ገመዴ ሠራተኛው ፊት፦

«መሐንዲሷ፣ በሽተኛሽ በቅባት ዳነ እኮ!»

ሳቅ በሳቅ ሆነ። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? ግራሶው ማስታገሻ ነው፤ ጥርሱ የተበላ ሰው ክኒን ውጦ ቢተኛ ጥርሱ አልበቀለም፤ እንዲያውም ግራሶ ሲበዛ ያግላል። ሳቁ ቆመ። ወይዘሮ አስቴር ጀርባ ሰጥተዋት ሄዱ።

እናታችን ልትፈነዳ ደርሳለች። እስከ እሁድ ተሳስቻለሁ ብትል ምን አለበት ትለኛለች፣ እሷ እንድትሰማ ጮክ ብላ። እኔም፣ እዚህ ላይ ካልዋሸሁ፣ ትግስትን፣ ሁለት ቀን ነው፣ ዝም በይ አልኳት። ከእኔ አልጠበቀችም መሰለኝ፣ አየችኝ።

«እሸት የሚለቅሙት ሴቶች የሚቀመጡት ማሽኑ አጠገብ ነው» አለች።

ቅዳሜ

ያለችው ደረሰ። አመሻሽ ላይ፣ እሸቱ በአይሱዙ ተጭኖ እየገባ ሳለ፣ ማሽኑ አንዴ ጮኸና ዘንጉ ነክሶ ቀጥ አለ። ቀበቶው ተበጥሶ ግድግዳውን መታ። ሴቶቹ መክሰስ ሊበሉ ተነሥተው ነበር፤ ተመስገን። የተጎዳ የለም። አንድ አግዳሚ ወንበር ለሁለት ተሰንጥቋል አሉ፤ ሰው ቢቀመጥበት ብዬ ማሰብ አልፈልግም።

እሸት ቡና በለቀሙበት ቀን ካልተፈለፈለ ይኮመጥጣል። አይሱዙው እንደተጫነ ተመለሰ፣ ገበሬውም በአህያና በጀርባው ያመጣውን ይዞ ተመለሰ። ጎረቤት ያሉት ማጠቢያዎች እንደልባቸው ዋጋ ጣሉበት። ግቢ የቀረው ክምር ደግሞ ገና ከአሁኑ ይሸታል።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ናትናኤል አይደለም፤ ስልኩ ዝግ ነው። የነገረችኝ እዚያው የምትለቅም የሰፈራችን ልጅ ናት። ጨርሳ ጨርሳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው ምን እያለ እንደሆነ ነገረችኝ። ልጅቷ የለጠፈችው ማግኔት ነው አሉ። አንዳንዱ ማግኔት፣ አንዳንዱ አፏ።

እኔ ሞኟ ደግሞ ወሬው እንደደረሰኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን እውነቷን ያውቁላታል ብዬ።

እሁድ

የዕድሩ ወንበሮች በረንዳችን ላይ ተደርድረዋል። ቆጮው፣ ክትፎው፣ ለስላሳው። እናቴ አዲሱን ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ በር በሩን ታያለች። አክስታችን ከቡሌ ድረስ መጥታለች፤ መንገዱ አንጀቷን አራግፎት እያማረረች።

አልመጡም። የላኩትም ቃል የለም።

ጎረቤት እየመጣ «ቀሩ እንዴ?» ይላል፣ ቀርተው እያየ። አክስቴ ትግስትን ጓዳ አስገብታ ምን ብለሻቸው ነው ስትላት ሰማሁ። ትግስት ስለ ኩሽኔታ አስረዳቻት፣ ከነኳሱ፣ ከነቀለበቱ፣ ረጋ ብላ። አክስቴም ረጋ ብላ አዳመጠችና፣ እና ይሄን ከጋብቻ በኋላ ብትነግሪያቸውስ አለቻት።

ክትፎውን ለሰፈሩ አበላነው። ሲበሉ ያዘኑ መስለው ነው የበሉት። እግዜር ይስጣቸው።

ማክሰኞ

ናትናኤል መጣ፣ ብቻውን። ከስቷል። በፌስታል ያን የተሰበረ ኩሽኔታ ይዟል። ትግስት ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አንጥፋ፣ ግራሶውን ጠርጋ አገላበጠችው። የውጩ ቀለበት ውስጥ ለውስጥ ተልጧል፣ በጣት ይዳሰሳል። ያለችው ቦታ ነው። እኔንም አስነካችኝ።

«አባቴም አይቶታል» አለ።

አይተውታል! ዳስሰውታል! እና? እናማ አባትየው ጥፋቱ ገብቷቸዋል፤ ግን ሠራተኛው ሁሉ ሲስቁባት አይቷቸዋል፣ አሁን ሽማግሌ ቢልኩ ምን ይባላሉ። እናትየው ደግሞ ቤታቸው ገብታ በአፌ ለወጣው ክፉ ቃል ይቅር በሉኝ ካላለች ወይ ፍንክች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው አለ ናትናኤል፤ ለስሙ ነው፣ ማንም አያምንበትም።

«ይቅር በሉኝ ብዬ ምን ልበል? ባትሰሙኝም ስለተሰበረ?»

ኩሽኔታውን ወደ ፌስታሉ መለሰ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ። ክፉ ቢሆን በዓምዴ እንዴት አድርጌ እንደምበላው አውቅ ነበር።

ቅዳሜ

ከሐዋሳ ቶርኖ ቤት ዘንጉ ተስተካክሎ፣ አዲስ ኩሽኔታ ተገጥሞ፣ ማሽኑ ሊነሣ ነው። አቶ ገመዴ ራሳቸው ደወሉላት። «ልጄ፣ ሳትለኪው አላስነሣም» አሉ። እኔ አትሂጂ አልኩ። ሴቶቹ እዚያው ነው የሚቀመጡት አለች፤ ስለዚህ አብሬ ሄድኩ።

ግቢው ሞልቷል። ተጸለየ፤ ትግስትም አንገቷን ደፍታ አብራ ጸለየች። ማሽኑ ተነሣ። ማግኔቷን ስትለጥፍ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ፣ ወይዘሮ አስቴር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ለካች። ደገመች። ቀና ብላ «ጤነኛ ነው» አለች።

አሜን ተባለ፣ እልል ተባለ። ወይዘሮ አስቴር መጥተው ግንባሯን ሳሟት፤ አፍሽ ይባረክ አሏት። ያው አፍ ነው እኮ! ያው መሣሪያ፣ ያው ልጅ። ያን ጊዜም ያየችውን ተናገረች፣ ዛሬም ያየችውን ተናገረች። ፈገግ አልኩላቸው ግን፣ ምን ላድርግ።

ናትናኤል ፊቱ በርቶ ወደ እሷ መጣ። በቃ ተፈታ አለ፣ በሚቀጥለው እሁድ ይመጣሉ፣ ይቅርታውም ቀርቷል። ትግስት ሽቦዋን እየጠቀለለች ነበር።

«ናቲ፣ ይሄም አንድ ቀን ይታመማል። ያን ቀንም ታሟል እላለሁ። ይህን አውቀህ ነው የምትልካቸው?»

ቀላል ጥያቄ ነው። አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚፈልገው። እሱ ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት ዞሮ አባቱን አየ።

ከዚያ «አዎ» አለ፤ ብሏል፣ አልዋሽበትም። ትግስት ግን ያየችውን አይታለች። መሣሪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ደህና ዋሉ ብላ ሁሉንም በእጅ ጨበጠች፣ ወይዘሮ አስቴርንም ጭምር።

በሚኒባስ ወደ ዲላ ተመለስን። ቤት ስንደርስ ለእናታችን እሁድ ማንም እንዳይጠበቅ፣ ራሷ ትግስት እስክትጠራቸው ሽማግሌዎቹ እንዳይመጡ ነገረቻት። እናቴ አለቀሰች። ትግስት ግን ማዕድ ቀርባ እስክትጠግብ በላች፤ እንዲህ ስትበላ ካየኋት ቆየሁ። ለቅሶውን ላባብል ወይስ ወጥ ልጨምርላት፣ መሃል ቆሜ ቀረሁ።